ጊዜው ያለፈበት ውል

ሰፈርተኛው «ሜትር» ነው የሚላት፤ መስኮትን በዓይኗ ለክታ ስለማትስት። መጋረጃ ሰፊ ናት። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገችው በአንድ የስፌት ማሽን፣ በአሮጊቷ አከራይዋ ግቢ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ ረጅም ጨርቅ ስለማታስዘረጋ ግማሹን ደጅ ታወጣዋለች፤ ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም።

አምና አንድ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ የሠላሳ ክፍል መጋረጃ ሊያሠራት ፈለገ። እንዲህ ያለ ሥራ በሕልሟም አይታ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ግን በንግድ ስሟ የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ካላመጣች መክፈል እንደማይችል ነገራት። «በግል ሂሳብሽ ካስገባሁ ኦዲተሩ ይበላኛል» አላት። ሁለት ሳምንት ሰጣት።

ንግድ ፈቃዷን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሯን፣ የክፍሏን የኪራይ ውል፣ መታወቂያዋንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛ ባንክ ሄደች። ወጣቷ የባንክ ሠራተኛ አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆይታ የኪራይ ውሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውሉ ካበቃ ስድስት ዓመት አልፎታል። አከራይና ተከራይ ከዚያ ወዲህ በቃል ተማምነው ነበር የኖሩት። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ሌላው ሁሉ የተሟላ መሆኑን፣ የቀረው የቤቱ ባለቤት የፈረሙበትና ውልና ማስረጃ ያጸደቀው አዲስ ውል ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻት።

አሮጊቷ ግን ሰው መለየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሜትር ታላቁን ልጃቸውን እንዲፈርምላት ለመነችው። ውክልና እንደሌለው፣ ፍርድ ቤት ሞግዚት እንዲሾም ደግሞ ወንድሞቹ ሁሉ መስማማት እንዳለባቸው፣ እነሱ ግን በቤቱ የተነሳ ከተኳረፉ መቆየታቸውን ነገራት። «እህቴ፣ እኔም እጄ ታስሯል» እያለ እስከ በር ሸኛት።

የሰፈሩ ደላላ መላ አላጣም። «አንቺ ጣታቸውን ብቻ አስነኪልኝ፤ ማኅተሙን ለእኔ ተይው» አላት። አዲስ የውል ወረቀትና የጣት አሻራ ቀለም ሰጣት። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱንና ቀለሙን በነጠላዋ ሸፍና ወደ አሮጊቷ ሄደች።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ቀለሙን ስትከፍት፣ ሳትጠይቃቸው እጃቸውን ዘረጉላት።

«ልታጥቢኝ ነው፣ ልጄ?»

 «አዎ፣ እማማ» አለች። ቀለሙን ከድና ውሃ አመጣች። ጣት በጣት አጠበቻቸው፤ ጥፍራቸውንም ቆረጠችላቸው።

ታላቋ ልጇ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ማን ይጎዳ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ማንም» አለች እናት። «ግን እጃቸውን ሲሰጡኝ ለምን እንደሆነ አላወቁም።»

«እኛስ?» አለቻት ልጅቷ።



ሁለቱ ሳምንታት አለቁና ሥራው ለሌላ ተሰጠ። በሦስተኛው ወር አሮጊቷ አረፉ። ልጆቻቸው ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ግቢውን ለመሸጥ። ሜትርን በአሥር ቀን ውስጥ እንድትወጣ ነገሯት። አድራሻ የሌለው ንግድ ፈቃድ ስለማይታደስ፣ ራሷ ወስዳ መለሰችው።

አሁን ማሽኗ በታላቋ ልጇ ቤት መተላለፊያ ላይ ተቀምጧል። የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሰው ባለፈ ቁጥር ተነስታ ወንበሯን ትሰበስባለች። የባንኩን ነገር የሚያነሳባት ካለ ወሬ ትለውጣለች።