ጋሽ ማርቆስን ይዤ ሽምግልና የሄድኩ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ለእህቴ ልጅ ለአቤል ሽምግልና ሄድን። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የዕድራችን ሰብሳቢና ጋሽ ማርቆስ። በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተን ወደ ታቦር ተራራ ሰፈር ስንወጣ ሾፌሩ በመስታወቱ ጋሽ ማርቆስን እያየ ለብቻው ይስቃል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ...

ጋሽ ማርቆስ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የእሱን ንግግር ሰምቶ ልጁን የከለከለ አባት በሰፈራችን የለም። ባለፈው ዓመት ግን እዚሁ ሐዋሳ በተሠራ አንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ላይ ዋናውን ሰው ሆኖ ተወነ።

በፊልሙ ላይ ሰውየው አጭበርባሪ ነው። በሌለ ሙሽራ ስም ሽማግሌ እየሆነ ሰው ቤት ይገባል። «ልጃችን ውጭ አገር ያለ ኢንጂነር ነው» ይላል። ቤተሰቡ ሲያምነው የቤት ካርታ አስፈርሞ ይጠፋል። አንድ ቤት አይበቃውም፤ ከፍ ያለ፣ ከዚያም ከፍ ያለ ቤት ያምረዋል። በመጨረሻ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊይዙት የመጡ እየመሰለው አእምሮው ይነካል። ሰው በሌለበት ኮሪደር ቆሞ ሁሉንም ይናዘዛል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ጋሽ ማርቆስ ነው። እኔ ፊልሙን አላየሁትም። አንድ ነገር ግን ሳይነግረኝ ቀርቷል።

አቤል ቤዛን ከወደዳት አራት ዓመት አልፎታል። እሷም ትወደዋለች። ግን እናቷ እምቢ ካሉ እናቷን ረግጣ የምትወጣ ልጅ አይደለችም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው በእኛ ምላስ ላይ ነበር።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ አቶ ሳሙኤል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጋሽ ማርቆስ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎረቤት በአጥር ይለያያል፣ በልጅ ይገናኛል። እኛ ዛሬ የመጣነው አጥሩን ልናፈርስ ሳይሆን...»

«...በር ልናወጣለት ነው» አሉ የቤዛ እናት፣ ወይዘሮ አስቴር።

እሳቸው ግን አላቆሙም።

«ቀጥለው ደግሞ ‹ልጃችን ታይቶ አይጠገብም› ይላሉ። ፊልሙ ላይ ያቺ ምስኪን መበለት ታለቅሳለች። ከዚያ ትፈርማለች!»

አቶ ሳሙኤል ጭናቸውን መቱ። «የት ነው የማውቃቸው እያልኩ ስጨነቅ!»

ወደ ጋሽ ማርቆስ ዞርኩ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ዳይሬክተሩ ‹ሽምግልና ስትሄድ የምትለውን በል› አለኝ... አልኩ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ስንቱን የዳረበትን ንግግር ለአጭበርባሪው ሰጥቶት ኖሯል።

«ወይዘሮ አስቴር፣ እሱ ፊልም ነው» አልኩ። «የእኛ ልጅ ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው...»

«የፊልሙም ጨዋ ነበር።»

«ኢንጂነር ነው» አለ የዕድሩ ሰብሳቢ። እውነቱን ነው፤ አቤል ኢንጂነር ነው። ግን ያን ሰዓት አይባልም።

«የፊልሙም ኢንጂነር ነበር! እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ አለ? አቤል የሚባል ሰው በሕይወት አለ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ቤዛ «እማዬ!» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! የመበለቷም ልጅ በስልክ አውርቼዋለሁ ስትል ነበር።»

በወጉ ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እነሱም አይተውት አያውቁም። ባመሰገንነው ቁጥር ፊልሙን እየመሰለ ሄደ። እኔ የአቤልን ፊት እያሰብኩ ምን ብዬ እንደምመለስ ጨንቆኛል።

ጋሽ ማርቆስ ድንገት ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ማንም ሳይለው ተቀመጠ።

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ልጁ ጠዋት ካልተጎተተ አይነሳም። ቸርች ውስጥ ሲዘምር አጠገቡ ያሉት ይሳሳታሉ። ካኮረፈ ሁለት ቀን ነው። ፀጉሩ ከፊት መመለጥ ጀምሯል፤ በኮፍያ ይደብቀዋል።»

እግሩን ረገጥኩት።

«አሁን እግሬን የሚረግጠኝ አጎቱ ነው። እንደ ፊልሙ ውጭ አገር ያለ እንዳይመስልዎት... ፓስፖርት የለውም። መኪና ላይ ከሻሸመኔ ካለፈ ያቅለሸልሸዋል። ግን ልጁ አለ።»

ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይተፋል?»

«ይተፋል። እኔ ላይ ራሱ ተፍቶብኛል፤ ይርጋለም ለለቅሶ ስንሄድ።»

አንድ ነገር ከንፈራቸው ዳር ላይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳቁ... ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንዲህ ያለውን ልጅ ማንም ከራሱ አይፈለስፍም» አሉ ለባላቸው።

«ለማንኛውም ይጠራና እንየው» አሉ አቶ ሳሙኤል።

ደወልኩ። አቤል ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። ለካ ቁልቁለቱ ላይ ያለች ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው የዋለው። እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ኮፍያህን አውልቅ።»

አወለቀ። ግንባሩን አዩት፤ ትንሽም ከግንባሩ ወደ ላይ አዩ። ከዚያ ሳሙት።

የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ «እንመካከር» ተብሎ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመለሰው። እኛ እሺ ተብለን ወጣን። ስንሰናበት ወይዘሮ አስቴር ጋሽ ማርቆስን በር ላይ ያዙት። «እኔ እምለው... መጨረሻ ላይ በሩን የሚያንኳኩት ፖሊሶች ናቸው ወይስ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው?»

«እኔም ዳይሬክተሩን ጠይቄው አልነገረኝም» አለ።

አቤል የተባለለትን ሁሉ በኋላ ሲሰማ አመስግኖን ይሁን ታዝቦን እስካሁን አልገባኝም። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው... ለካ ሰው ታምቶም ይዳራል።