«ይታያል?» እያልሁ የላክኋቸው ሂሳቦች

ተማሪዎቻችሁ በአንድ ድምፅ «አዎ» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ፣ በኋላ ያው ደስታ አንገታችሁን አስደፍቷችሁ ያውቃል?

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ኮሌጅ በኢንተርኔት ሂሳብ አስተምራለሁ። ሥርዓት እወዳለሁ። እኩልታዎቹን ነጭ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የማይታወቀውን ቁጥር በቀይ፣ የክፍልፋዩን መስመር በማስመሪያ በአረንጓዴ። ከዚያ ፎቶ አንስቼ ትምህርቱ ላይ እለጥፍና በቴሌግራም ቡድናችን «ይታያል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አዎ መምህር!» «አዎ!» «ማሻአላህ፣ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ነው!» ይላሉ።

ከነዚያ «አዎ»ዎች አንዱ የዓይነ ስውር ተማሪዬ ነበር። ዓይነ ስውር መሆኑን አውቃለሁ። ሲመዘገብ «ስልኬ ጽሑፍ ያነብልኛል» ብሎኝ ነበር። እኔም ስልኩ ያነብለታል ብዬ ነገሩን እዚያው ተውሁት።

ፈተና ሲወድቅ ልመክረው ደሴ ወጣሁ፤ ሆጤ ሰፈር ከታላቅ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው። ታክሲ ውስጥ ስለ ትጋት የምነግረውን ሁሉ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር።

«እንኳን መጡ መምህር» አለች እህቱ። «ትምህርቱን ሊተው ነው። እስቲ ይምከሩት።»

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅርታ» አለኝ እሱ። «ሂሳብ አልሆንልኝ አለ።»

እንዴት እንደሚያጠና እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ትምህርቴን ከፈተ፤ ጣቱን በስልኩ ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ በእንግሊዝኛ «ኢሜጅ» አለ፤ ምስል ማለቱ ነው። እንደገና አንሸራተተ፤ «ኢሜጅ»። አሁንም «ኢሜጅ»። ያ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ለእሱ ይህችው አንዲት ቃል ነበረች።

«ጎረቤት ወንድምሽ ምን እየተማረ ነው ሲለኝ ኢሜጅ ነው የምለው» ብላ እህቱ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«ታዲያ ለምን አዎ ትላለህ?»

«ሁሉም አዎ ሲል የሰውን ሰዓት ላባክን? ደግሞ ዓይነ ስውርን ይታያል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ መምህር፣ ምን ልመልስ?»

ያዘጋጀሁትን ምክር ተውሁት። ፊቴ ሲቀላ እሱ ባያየኝም እህቱ አይታኛለች።

ስልኬን አውጥቼ፣ እንደ ትምህርቱ በፎቶ ከለጠፍሁት ፈተና አንዱን ጥያቄ ጽፌ ላክሁለት፦ x + 3/2 = 5። ስልኩ አነበበለት። ወዲያው «ሦስት ተኩል» አለ።

«አይደለም፣ ሰባት ነው።»

«ሁለት የሚያካፍለው ሦስትን ብቻ አይደለም እንዴ? እኔ እንደዚያ ነው የሰማሁት።»

ልክ ነበር። ሰሌዳዬ ላይ መስመሩ ከ xም ከ3ም ሥር ይዘረጋል፤ ያየ ሰው ሁለቱም እንደሚካፈሉ ያውቃል። በአንድ ረድፍ ስጽፈው ግን ያ መስመር ጠፋ፣ እኔም ሳላስተውል ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት። ላስተካክል መጥቼ ደግሜ ማሳሳቴ ከፊተኛው ይልቅ አሳፈረኝ። በቅንፍ አድርጌ (x + 3)/2 = 5 ብዬ ጻፍሁ።

«እህ፣ ሰባታ!» አለ። ከዚያ «እስከሚቀጥለው ፈተና ልቆይ» አለ። «ያለፉትን ትምህርቶችስ?»

«እጽፋቸዋለሁ» አልሁ።

እየጻፍሁ ነው። የኮርሱ ገጽ የራሱ የእኩልታ መጻፊያ አለው፤ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ነክቼው አላውቅም ነበር። በእሱ የተጻፈን ክፍልፋይ ስልኩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለይቶ ይናገራል። ግራፍ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚያሳይ ከሥዕሉ ጋር በቃላት አስገባለሁ። ሳልሰማው የምለጥፈው ትምህርት የለም። «ይታያል?» የሚለው ግን አሁንም ከአፌ ሊያመልጥ ይልና እደነግጣለሁ።

እናንተም የምታስተምሩ ከሆነ፣ ዛሬ ከለጠፋችሁት አንዱን ሂሳብ ክፈቱ። የስልካችሁን ማንበቢያ አብሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ የሰማችሁትን ብቻ ይዛችሁ ጥያቄውን ለመሥራት ሞክሩ።