ያልተቆረጠው እጅጌ

በዓመት ሁለት ሦስቴ ያንኑ ጥቁር ኮት ለብሳ ወደ ስፌት ቤቴ ትመጣለች። ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጫማዋ አቧራ የሚባል ነገር አያውቅም። ያያት ሁሉ የቢሮ ኃላፊ ናት ይላል። ኮቱ ግን ልኳ አይደለም፤ ትከሻው ይሰፋታል።

የመጀመሪያ ቀን እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸው ነበር። "ትርፉን ልቁረጠው?" ስላት መቀሱን ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት።

"እንዳይቆርጡት እትዬ! ወደ ውስጥ አጥፈው ይስፉልኝ። የእህቴ ነው፤ ስትመለስ ትለብሰዋለች።"

ታላቅ እህቷ አንድ ጠዋት ሥራ ልትሄድ ወጥታ እንደወጣች መቅረቷን የሰማሁት ቆይቼ ነው። የዚያን ቀን ሙቀት ስለነበር ኮቱን ወንበር ላይ ትታው ሄዳለች።

ሁልጊዜ የሚተረተረው ያው የእጅጌው ስፌት ነው። ቢሮ ተቀምጣ እጥፋቱን በጣቷ ስትነካካ የምትውል ይመስለኛል። መስታወት ፊት ሳቆማት ኮቱን ከላይ እስከ ታች ታያለች እንጂ ፊቷን ቀና ብላ አታይም።

ዛሬ፣ በሰባተኛው ዓመት፣ እጥፋቱን ስፈታው ደነገጥኩ። ኮቱ ውጭው ነጣ ብሏል፤ ታጥፎ የኖረው ግን ገና ከሱቅ እንደወጣ ጥቁር ነው።

"ልጄ፣ ይሄ መስመር ከእንግዲህ አይለቅም። እጅጌው ቢዘረጋም ያስታውቃል" አልኳት።

ክንዷን ዘርግታ እንደቆመች፣ "ትምጣና ትቆጣኝ" አለች።