ሲንቄዬ በሰው እጅ

ባሌ ቱሳ ፊልም ሠሪ ነው። አሰላ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የሰርግ ነው?» ብሎ ነው። የሰርግም ይቀርጻል፤ የምንኖረው በዚያና በእኔ የመጋረጃ ሱቅ ነው። ሰው ፊት ግን ባሌን አላሳንስም፣ ፊልም ሠሪ ነው እላለሁ። ቤት ውስጥ የምለው ሌላ ነው።

የጎበሳ ከተማ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት እያለ በሚኒ ሚዲያ ድራማ ይሠራ ነበር፤ አሰላ ሲመጣ ከወጣቶች የቲያትር ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ያየሁትም እዚያው ነው። የጥጥ ጺም ለጥፎ፣ ልጁ የሞተበት ሽማግሌ ሆኖ ሲያለቅስ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተነፋረቅሁ። በዚያው አገባሁት። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደና በቴሌቪዥን ድራማ ዘበኛ ሆነ። አንዴ ዘበኛ፣ አንዴ ደላላ፣ አንዴ ሬሳ፣ ከሬሳ ተነስቶ ደግሞ ዘበኛ። እኔ ጎረቤት ሰብስቤ ቴሌቪዥኑ ፊት እቀመጣለሁ፤ እሱ በር ከፍቶ መኪና አስገብቶ ይጠፋል። እናቱ እንኳ ልጄ እዚያ አገር ሥራው በር መክፈት ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

አንድ ቀን ከእንግዲህ በሰው ፊልም ላይ በር አልከፍትም ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። ባሌ መጣልኝ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ለካ ለእኔ አይደለም የመጣው። በሳምንቱ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ካሜራ ገዛ።

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ሌላው ይደብቀው፤ እኔ ምን ቆርጦኝ! መጀመሪያ የቀናሁት በዚያችው ካሜራ ነው። ከሱቄ ለስላሳውን ጨርቅ መርጦ ዓይኗን ይጠርግላታል። ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ እሷን ያለብሳል፣ እኔ አጠገቡ እየበሰበስኩ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ብቆም ብርሃን ከለልሽኝ ይለኛል። የአርሲን ሙሽራ ሁሉ ሲቀርጽ ይውላል፤ የእኔ ምስል ስልኩ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ለደንበኛ መጋረጃ ዘርግቼ ሳሳይ፣ ፊቴ ለሁለት ተቆርጦ። እኔ ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ በዚያች መስታወት በኩል አንድ ቀን እኔን እንዲያየኝ ነበር የምፈልገው።

አምና ትልቁን ፊልም ጀመረ። ባሏ የበደላት አንዲት የአርሲ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፣ የአገሩ ሴት ይከተላታል፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሌሊት ሌሊት እየጻፈ ሲያነብልኝ ያቺ ሴት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። አነጋገሯ የእኔ፣ ቁጣዋ የእኔ። አንድ ማታ ሴትየዋን ለመክሊት ሰጠኋት አለኝ። መክሊት ከደብረ ብርሃን ዲክሲስ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ኦሮምኛዋ ገና ድክ ድክ ይላል። ለምን እሷ ስለው ካሜራው ይወዳታል አለኝ።

«ካሜራው ብቻ?» አልኩት።

የካሜራዋን ዓይን መጥረግ ጀመረ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። እንዲያም ሆኖ ለልጅቷ ልብስ የሚሆን ቢጫ ጨርቅ ከሱቄ ቆርጬ ሰጠሁት፤ አንጀቴ እያረረ።

ሲንቄን ለማያውቅ ልንገር። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ሰው አይመቱበትም፣ ከብት አይነዱበትም። ባለትዳሯ ተበድላ ሲንቄዋን ይዛ ከወጣች ሴቱ ሁሉ የየራሱን ይዞ ይከተላታል፤ የበደለው ሰው ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። በትሩ ለሌላ ሴት አይሰጥም። የእኔን የሰጠችኝ እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ሲንቄው ግን ከአልጋችን ራስጌ አይለይም።

ዲክሲስ ሊቀርጽ የሄደ ዕለት ጠዋት አልጋ ላነጥፍ ብል ራስጌው ባዶ ነው። አልጋ ሥር አየሁ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አየሁ። ከዚያ ገባኝ። ሱቄን ሳልከፍት የዲክሲስ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። እሳት ጎርሼ፣ እሳት ለብሼ።

ገብሱ ደርሶ ነበር። ማሳው ዳር የሰፈሩ ሴቶች እንዲያጅቡ ተጠርተው የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው መክሊት፣ በቢጫው ጨርቄ። እጇ ላይ የእኔ ሲንቄ። እናቴ ቅቤ እየቀባች ያጠቆረችው ጫፉ ከሩቅ ይለያል። ከእሱ የባሰብኝ ግን ቱሳ ነው። ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ያያታል። ባገባኝ ቀን እንኳ እንዲያ አላየኝም።

ልጅቷን በጥፊ ማለት አማረኝ፤ አልዋሽም። ግን በገብሱ መሃል ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

«ፈይሩዛ፣ ፍሬም ውስጥ ገባሽ እኮ» አለኝ ባሌ።

አልመለስኩለትም። ከሴቶቹ ትልቋ አደ ፋጡ ናቸው፤ እሳቸው ፊት ቆሜ በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ በትሩ የእኔ ነው፣ እናቴ ናት የሰጠችኝ፣ ባሌ ከራስጌዬ አንስቶ ለሌላ ሴት አስያዘው አልኳቸው። መክሊት ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችኝና አላወቅሁም እህቴ እያለች አለቀሰች። ምነው ክፉ በሆነች! አለመሆኗ ይብስ አናደደኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ቱሳ ወዲያ ሂዱ፣ ወዲህ ዙሩ ሲላቸው የዋሉት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ከኋላዬ ቆሙ። ማንም እንዲህ ሁኑ አላላቸውም። ቱሳ ደነገጠ። «ገበያ ላይ ያለው በትር ሁሉ አዲስ መስሎ ታየኝ፣ እውነተኛ የሚመስል ፈልጌ ነው፣ ደግሞም ፊልም ነው፣ የውሸት ነው» እያለ ለመናቸው።

«ልጄ፣ የውሸት ሲንቄ የለም» አሉት አደ ፋጡ።

ፈረዱበት። በግ ያርዳል፣ እግሬ ሥር ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሲንቄዬ በሰው እጅ ሆኖ የተቀረጸውም ዓይን አያየውም። በጉስ ቀላል ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ግን በዚያ ጠዋት በተቀረጸው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ካሜራዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁላችንም እያየነው የተቀረጸውን አጠፋ። እንባው ወረደ። የቲያትር እንባ አልነበረም፤ የቲያትሩን አውቀዋለሁ። ወላሂ፣ በጠፋው ነገር ቀናሁ። ለእኔ እንዲህ አልቅሶ ያውቃል?

በቃኝ፤ ሲንቄዬን ይዤ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ሴቶቹም ተከተሉኝ። ነፋሱ ሻሼን ይጎትተዋል፣ ፊቴ በንዴት ይነድዳል።

«ፈይሩዛ» አለ ከኋላዬ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ልቅረጽሽ?»

ዞር ስል ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሏል። ትንፋሹን ውጧል። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ አደ ፋጡም በዓይናቸው እንቢ በይው ብለውኛል። ያንን አስተያየት ግን ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ።

«ቅረጽ፤ ግን አልታረቅሁህም» አልኩትና ሄድኩ።

በጉ በሳምንቱ ታረደ፣ እግሬ ሥርም ወደቀ፣ ታረቅን። ሴትየዋን እንደ አዲስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እኔ ሠራኋት፤ መክሊት የሴትየዋን እህት ድርሻ ይዛ ቀረች።

ባለፈው ወር ፊልሙ አሰላ አዳራሽ ታየ። እጄን ሂና ተቀብቼ፣ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጨረሻው ላይ ያቺ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከገብሱ ስትወጣ እኔ እሷን አላየሁም፤ እሱን ነው ያየሁት። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ። እጄን እጁ ላይ አኖርኩና «ቱሳ» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።

ሲንቄዬ ከራስጌያችን ቆሟል፤ ማንም አይነካውም። ይህቺን የፊልም ሴት ግን የትኛዋ አደ ፋጡ ዘንድ ሄጄ ልክሰሳት?