በስሟ የወጣው ቅሬ

ወረቀቱን በክሊኒኩ በር ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ። ሰኞ ክትባት፣ ረቡዕ ነፍሰ ጡሮች፣ ሐሙስ ጥርስ ይላል። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ያን ጊዜ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ጊዜው ደርግ በየገጠሩ ጤና ይድረስ እያለ ክሊኒክ የሚከፍትበት ነው። እኔ የደሴ ልጅ፣ ከጤና ረዳትነት ትምህርት ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ አምባሰል ውስጥ ከተራራው ጎን ባለች አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተመደብሁ። ለአካባቢው ሰው ሐኪም ማለት እኔ ነበርሁ። ከእኔ የበለጠ ሐኪም የፈለገ፣ የአራት ሰዓት ቁልቁለት ወርዶ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር ለጥርስ ቀን የቆረጥሁለት ጥርስ መንቀል ስለምፈራ ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ምጥ የያዛትን አዋልዳለሁ፤ ጉጠቱን ግን ከሣጥኑ ባላወጣው እመርጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ልፍራ ብዬ ነው። ለሰው ይህን አልነገርሁም። «ሥርዓት ነው» እል ነበር፣ ኮስተር ብዬ።

ይህን የምነግርላት ሴት መጀመሪያ የመጣችው ቅዳሜ ቀን ነው። ከክሊኒኩ በላይ አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር የምትኖር፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ጉንጯን በሻሿ ጠፍራ አስራዋለች።

«የኔ እመቤት፣ ይኸ ጥርስ አላስተኛ አለኝ። ነቅለሽ ጣይልኝ» አለችኝ።

አስፕሪን ሰጠኋትና ሐሙስ እንድትመጣ ነገርኋት። ሰኞ ተመልሳ መጣች። ክሊኒኩ በሚያለቅስ ሕፃን ተሞልቷል፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። «በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አላየሽም?» አልኋት፣ እንደማታነብ እያወቅሁ።

«አይ፣ ማየቱንስ አየሁት። ምን እንደሚል አልነገረኝም እንጂ» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ነገሬ ሁሉ ቁጣ ነበርና መለስኋት። አንገቷን ደፍታ አቀበቱን ስትያያዘው በመስኮት አይቻታለሁ።

ሐሙስ አልመጣችም። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ኋላ እንደሰማሁት ያን ሐሙስ ገበሬ ማኅበሩ መንደሯን በሙሉ ለእርከን ሥራ አውጥቶት ኖሯል። የቀረ ይቀጣል። እሷም ጉንጯን አስራ ድንጋይ ስታቀብል ዋለች።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ባሏ እየሮጠ መጣ። ምራቋን መዋጥ እንዳቃታት ነገረኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልሁት። ሰኞ ክትባት መሆኑን ያስታወስሁት ግማሽ መንገድ ከሄድሁ በኋላ ነው።

ከደጃፉ ስገባ ወደ ፊት አጎንብሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። እብጠቱ ከጉንጯ ወርዶ ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ ሞልቷል። አፏ ጣት አያስገባም። ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ ለሃጯ ይንጠባጠባል፤ አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ያፏጫል። ይህን በትምህርት ቤት አንድ ጊዜ በወሬ ደረጃ ሰምቼው ነበር። መምህራችን ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቶሎ ካልተበጣ አንቆ ይገድላል። ፔኒሲሊን ወጋኋት። ከዚያ በላይ በእኔ እጅ የሚሆን ነገር አልነበረም። ሐይቅ መድረስ አለባት፣ ያውም ጀንበር ሳትዘቀዝቅ።

በቤቱ ያሉት ወንዶች ባሏና ወንድሙ ብቻ ናቸው። ሁለት ሰው ያን ቁልቁለት ሰው ተሸክሞ አይወርደውም። ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ያዩናል። «አባባ፣ እባክዎ ሰው ይጥሩልኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ከቤቱ ጀርባ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ወጡ።

ያላወቅሁት ነገር ሽማግሌው የቅሬው ጠሪ መሆናቸውን ነው። ቅሬ በወሎ ሰው ሲሞት የሚያስተዛዝንና የሚቀብር ማኅበር ነው። እስላምና ክርስቲያን አይለይም። ቅሬ ሲጠራ የሚያርስ ሞፈሩን፣ የምታቦካ ሊጧን ጥላ ትወጣለች። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ «ቅሬ ውጣ!» አሉና የሴትዮዋን ስም ጨመሩበት።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሴትዮዋ ሰምታለች። ስሟ ከአንዱ ጋራ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ከወዲያ ማዶም ሌላ ድምፅ ተቀብሎ ሲያስተላልፈው ቁጭ ብላ ትሰማለች። መናገር አትችልም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ሞቻለሁ እንዴ የሚል ይመስል ነበር። እጇን ያዝሁት። 

ከዚያ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይወጣል፣ በእርሻው መካከል ይቆርጣል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል። አራቱ የቅሬውን ቃሬዛ ተሸክመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እያለቀሱ ይመጣሉ። ግቢው ሞልቶ ከአጥሩ ውጭ ፈሰሰ። ይህን ያህል ሰው በዚያ ተራራ ላይ መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ ለክትባት ስጠራ የሚመጣልኝ የዚህን ሲሶ አይሆንም።

ማኅበሩን የሚመሩት የቅሬው ዳኛ ጥምጣማቸው የጠራ ሽማግሌ እስላም ነበሩ። ዝቅ ብለው ወደ ቤቱ ገቡ። ሊቀብሯት የመጡላት ሴት ቁጭ ብላ አየቻቸው። ለቅሶው ከበሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ።

«ነፍሷ ሳይወጣ ቅሬ ይጠራል?» አለ አንድ ጎልማሳ በቁጣ። «ሟርት እኮ ነው!»

ጠሪው ደነገጡ። «ሐኪሟ ሰው ጥራ አለችኝ። እኔ ሰው የምጠራው እንዲህ ነው። ሌላ መጥሪያ የት አውቄ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ አገር ለሞት እንጂ ለሕመም ተጠርቶ የሚያውቅ አልነበረም። የታመመ ሰው የቤተሰቡ ጣጣ ነው፤ የሕዝቡ የሚሆነው ሲሞት ነው።

ሁሉም ዳኛውን ያያል። ተመልሰው ቢሄዱ የሚፈርድባቸው የለም፤ የእርሻ ወቅት ነው።  ዳኛው ሴትዮዋን ትኩር ብለው አዩና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ቅሬ በስሟ ወጥቷል» አሉ በቀስታ። «በስሟ የወጣ ቅሬ ደግሞ እሷን ሳያደርስ አይበተንም። የተለወጠው የምናደርስበት ቦታ ነው። ወዴት ነው ሐኪሟ?»

«ሐይቅ» አልሁ።

«በሉ ሐይቅ። አንሡ።»

ዶማና አካፋው በአጥሩ ጥግ ተከመረ። ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟት ግን አየር አጥሯት ተንፈራገጠች። ቁጭ ብላ ካልሆነ አትተነፍስም፤ ቃሬዛው ደግሞ ለሚተኛ ሰው የተሠራ ነው። ከኋላ ሆኖ የሚደግፋት ሰው ያስፈልጋል። ባሏ ሊወጣ ሲል አንዱ «አንተ በሬ የምታህል! ሐኪሟ አትቀልም?» አለ።

በሙታን ቃሬዛ ላይ በቁሜ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ፈርቼ ነበር። በደረቴ ደገፍኋት፣ በሁለት እጄ አቀፍኋትና ሁለታችንም ከምድር ተነሣን።

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባገለገልሁባቸው ዓመታት ትልልቅ ሆስፒታል፣ አምቡላንስ፣ ከሰማይ የሚወርድ ሄሊኮፕተርም አይቻለሁ። እንደዚያ ቁልቁለት ግን ያስደነቀኝ የለም። ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። የደከመው የጎኑን ሰው በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ ያም ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ቃሬዛው አንዴም መሬት አልነካ፣ አንዴም አልቆመ። ገደሉ ጋ ስንደርስ አጫጭሮቹ ከላይ በኩል፣ ረጃጅሞቹ ከታች በኩል ሆኑ፤ እኛ የተቀመጥንበት እንደ ገበታ ለጥ ብሎ አለፈ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ሲወጣ ኮፍያ ያጠለቀው ይተካል። ከፊት የሚሄዱት እሾህና ድንጋዩን ከመንገድ ያነሣሉ። ይህን ሁሉ ሥርዓት አንድም ወረቀት ላይ አልጻፉትም።

«ወላሂ፣ ሁለት ሆኖ የሚሄድ ሬሳ ተሸክሜ አላውቅም» አለ ከሥሬ ያለው ወጣት።

«ያውም አንዷ የመንግሥት ደመወዝተኛ» አለ ጓደኛው። በእጆቼ መካከል የሴትዮዋ ሆድ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሳቅ መሰለኝ። ሳቅ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሸካሚዎቹ አንዱ ልማድ ሆኖበት እስላሞች ጀናዛ ሲሸኙ የሚሉትን «ላኢላሃ ኢለላህ» ዜማ ጀመረ። ሌሎቹም ሊቀበሉት ሲሉ ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «ዛሬ በልባችሁ በሉት። ትሰማለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው በዝምታ ሲወርድ የሚሰማኝ የእግር ኮቴና የጉሮሮዋ ፉጨት ብቻ ነበር። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። ሲቋረጥ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲመለስ አብሬያት እተነፍሳለሁ። ሁለት ጊዜ የመለስኋት ሴት ሕይወት በክንዴ መካከል ነበረች። ሐይቁ ከታች ብልጭ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከልቤ ጸለይሁ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ጀንበር ገና ነበረች። ጤና መኮንኑ አንድ ጊዜ አያትና መቁረጫውን አዘዘ። ከአገጯ ሥር በጣው። መግሉ ሲወጣ ሳህኑን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ሽታው ይከረፋል፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሽታ ግን የለም። ቆይቶ ፉጨቱ ቆመ። ደንግጬ ጎንበስ አልሁ። ያለ ድምፅ፣ እንደ ማንኛችንም ትተነፍስ ነበር። ከዚያ አንድ ማንኪያ ውኃ ዋጠች።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ሰዉ እህል ውኃ ሳይቀምስ ነው የወጣው፤ እስካሁን ወይ ገበያ ገብቷል ወይ አቀበቱን ጀምሯል ብዬ ነበር። አንድም ሰው አልሄደም። ወንዶቹ በአጥሩ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹም ነጠላቸው ከወገባቸው ሳይፈታ ከኋላችን ወርደው ኖሯል። ሲያዩኝ ሁሉም ቆሙ።

«ተንፍሳለች። ውኃም ዋጠች» አልኋቸው።

እስላሞቹ እጃቸውን ዘረጉ፣ ክርስቲያኖቹ አማተቡ፣ ዳኛውም ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም በአንድ አፍ አሜን አለ። ዱዓው ሲያልቅ ዳኛው «ተዛሬ ጀምሮ ቅሬ ለታመመም ይወጣል» ብለው ፈረዱ። ጠሪውን ደግሞ ሌላ መጥሪያ እንዲፈልጉ አዘዟቸው። «ሰው በቁሙ እንዳትገሉብን» ሲሏቸው ሰዉ ሳቀ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።  በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ መጥታ እንደነበር፣ ቀኑ አይደለም ብዬ እንደመለስኋት፣ ያንንም ያደረግሁት ጥርስ መንቀል ስለምፈራ እንደሆነ ተናገርሁ። ባሏ መሬት መሬት ያይ ነበር። ቢሰድበኝ በወደድሁ።

ዳኛው ቀረብ አሉኝ። «ቤተሰብሽ የት ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ደሴ።»

«እዚህስ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም አባባ።»

«እንግዲያ ቅሬ ግቢ» አሉ። «ቅሬ የገባ ሰው ሲጠራ ዛሬ ቀኔ አይደለም አይልም። ፈርቻለሁም አይልም፤ እየፈራ ይመጣል።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ተዛሬ ጀምሮ የኛ ናት። ስንጠራት ትመጣለች። እሷም ስትሞት የምንቀብራት እኛ ነን። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አለ ሰዉ ሁሉ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሚቀብሩኝን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እያየሁ፣ አጥሩን ተደግፌ አለቀስሁ።