አጭሩ የማርሽ ዘንግ

የዳቦ ቤቱ መኪና ሹፌር ሰው አታምንም። የሥራ ጓደኞቿ «መርማሪዋ» ይሏታል፤ ነዳጅ ስታስቀዳ ዓይኗን ከመቁጠሪያው አትነቅልም፣ ጎማ የነፋላትን ሰው እዚያው ፊቱ መልሳ ትለካበታለች። አሥራ ስድስት ዓመት ያችኑ አሮጌ መኪና ስትነዳ፣ ረጅሙን የማርሽ ዘንግ ወዲያና ወዲህ ስትገፋ፣ ቀኝ ትከሻዋ አለቀ።

«እትዬ፣ አጭር ዘንግ እንግጠምልሽ» አላት የታናሽ እህቷ ባል። መካኒክ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። «እጅሽ የሚሄደው መንገድ ይቀንስልሻል።»

«አንተን ምን አሳሰበህ?» አለችው። ያልጠየቀችው ደግነት ሲመጣላት ጆሮዋ ይቆማል።

ሕመሙ ሲብስባት ግን አብረው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሁለት ዘንግ አወጣ፤ አንዱ የሚያብለጨልጭና ድንክ፣ ሌላው ጥቁር፣ ተራ፣ ከድንኩ ትንሽ ረዘም፣ ከድሮው ግን አጠር ያለ።

«እናቴ፣ ይሄን የሚያብለጨልጨውን ውሰጂ። ኦርጅናል ነው፤ ሁለት ጣት ይበቃዋል።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ሻጩንም አይቶ ፈገግ አለ። መርማሪዋ ያችን ፈገግታ በሆዷ ያዘቻት።

ዘንጉን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። አንገቱ ላይ ቀለሙ ወፈር ብሏል። በቁልፏ ፋቅ ፋቅ ስታደርገው የብየዳ ጠባሳ ብቅ አለ፤ የሌላ መኪና ዘንግ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው።

«ኦርጅናል ማለት ይሄ ነው?»

«እናቴ፣ እ... እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» ሻጩ ተንተባተበ።

እሷ ግን የዞረችው ወደ እህቷ ባል ነው። «ያንተስ ድርሻ ስንት ነው?»

መካኒኩ ፊቱ ልውጥ አለ። «ራሴን የነቀነቅኩት እኮ አይሆንም ለማለት ነው፤ ዘንጉ ከልክ በላይ ሲያጥር ይከብዳል፣ ትከሻሽን ይጨርሰው ነበር። የሳቅኩት ‹ሁለት ጣት ይበቃዋል› ሲል ነው። ያንቺ መኪና በሁለት እጅም እንቢ ይላል።» ቀጥሎም ጨመረ፦ «የላከችኝ እህትሽ ናት። ፀጉርሽን ማበጠር አቅቶሽ አይታ ስታለቅስ ከረመች።»

ይቅርታ አልጠየቀችውም። «ጥቁሩንስ?» አለች ብቻ።

ጥቁሩንም አራት ቦታ ፋቀችው፤ ጎብጦ እንደሆነ ለማየት መደርደሪያው ላይ አንከባለለችው። ንጹሕ ነው። መካኒኩ ያንኑ ዕለት ገጠመላት፤ ዘንጉ ሥር ያሉትን ያረጁ ትናንሽ ላስቲኮችም ቀየረ። ስትሞክረው ሦስተኛ ማርሽ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ትከሻዋ ምንም አላለም።

«እሁድ ምሳ እኔ ቤት ናችሁ» አለችው። ከዚህ በላይ አልወጣትም። እሱም «እሺ እትዬ» ብሎ እጁን ታጥቦ ሄደ።

እስኪሄድ ጠብቃ መኪናው ሥር ገባች። ቡሎኖቹ አንድ ሳይቀር ጠብቀዋል። እዚያው በጀርባዋ እንደተኛች በራሷ አፈረች።

እሁድ እህቷ ብቻዋን መጣች።

ሰኞ መርማሪዋ ዳቦውን አድርሳ በቀጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። መካኒኩ ከኮፈኑ ሥር ቀና አላለም።

«በድዬሃለሁ» አለችው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይቅር በለኝ።»

«ቡሎኖቹን አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«አውቄ ነበር» አለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ።