ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ሆቴል ያዝኩ

"ይሄ ሕንፃ አዲስ ነው፤ በፊት እዚህ ጋ ምንም አልነበረም" አለኝ የባጃጁ ሹፌር፣ ዛሬ ከሰዓት።

ምንም አልነበረም ያለው ቦታ ላይ የኛ ቤት ነበር።

ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና ከአዲስ አበባ መጥቼ ነው። መብራት ስለጠፋ ከምሳ በፊት ተበተንን። ባልደረቦቼ ጥሬ ሥጋ ሊበሉ ሲሄዱ፣ እኔ ከተማውን ልይ ብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

ሹፌሩ "እህቴ፣ ለሶዶ አዲስ ነሽ?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው ብዬ ብነግረው፣ "ታዲያ የት አረፍሽ?" ማለቱ አይቀርም። እዚህ አገር ሴት ልጅ አገሯ ገብታ ሆቴል ካደረች ወይ ከዘመድ ተጣልታለች፣ ወይ ሰው አልቆባታል።

እኔ ከማንም አልተጣላሁም። እማዬ ከሞተች በኋላ ወንድሞቼ ቤቱ ይሸጥ ሲሉ፣ "ማን ሊኖርበት ነው?" ብዬ ቀድሜ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

(የሆቴሉ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል። እማዬ ቤትም ቁርስ ነበር፤ ያውም አልበላም ማለት አይቻልም።)

ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። ባጃጁን አቁሞ "ነይ፣ እዚህ ጋ ፎቶ ላንሳሽ" አለኝ። ድሮ የግቢያችን በር የነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከጎኔ ዳሞታ ተራራ ይታያል፣ ልክ ከደጃችን ይታይ እንደነበረው። ፎቶው ላይ እየሳቅኩ ነው።

አገራችሁ ገብታችሁ ሆቴል ያደራችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፤ እንዴት ነጋላችሁ? እኔ ገና ሁለት አዳር ይቀረኛል።